«ምላሽ የለም» ማለት «ገንዘቡ አልሄደም» ማለት አይደለም

ደመወዝ ገብቷል እንበል። ለቤተሰብ የሚላከው 1,000 ሪያል ተሞልቶ «ላክ» የሚለው ተነክቷል። ስልኩ ቆይቶ ቆይቶ «ኢንተሀት አል-ሙህላ» የሚል ጽሑፍ ያመጣል። ብዙ እህቶቻችን ይህን ሲያዩ «እንቢ አለ» ብለው እንደገና ይልካሉ። ሁለተኛው ሙከራ ግን ሌላ 1,000 ሪያል ሊያስወጣ ይችላል።

የአረብኛው ቃል በቀጥታ ሲተረጎም «የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ» ማለት ነው። «ሥራው አልተሠራም» አይልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃዛን ክልል በየመን ድንበር ላይ ባለችው አል-ሐርስ ሆናችሁ የምትነኩት አፕ ገንዘብ አያንቀሳቅስም። ሥራውን የሚሠራው ሰርቨር የሚባል ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ነው። በአፑ ወይም በብሮውዘሩ በኩል አንድ፣ በሰርቨሩ በኩል አንድ ወኪል ፕሮግራም አለ። የእናንተ ወኪል የሥራውን ስም፣ የገንዘቡን መጠንና የተቀባዩን ቁጥር ጠቅልሎ ይልካል፤ የዚያኛው ፈትቶ ያሠራል፣ መልሱንም ይመልሳል። ቢሬል እና ኔልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1984 በዝርዝር ጽፈውታል። በአረብኛ «ኢስቲድዓ» ይባላል፤ ፍርድ ቤት ሰው ሲጠራ የሚጠቀምበት ቃል ነው።

ተራራ በበዛበት አካባቢ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሦስት ነገር ሊደርስ ይችላል። ጥያቄው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ወይም ደርሶ ሥራው መሐል ላይ ይቋረጣል። ወይም ሥራው ተጠናቆ መልሱ ብቻ ይጠፋል። ስልካችሁ ሦስቱን መለየት አይችልም፤ የሚያውቀው መልስ አለመምጣቱን ብቻ ነው።

በጥንቃቄ የተሠራ አፕ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ያው ቁጥር ሁለቴ ከመጣ ሰርቨሩ የቀድሞውን መልስ ይሰጣል እንጂ ድጋሚ አይልክም። አፑን ዘግታችሁ ቅጹን እንደ አዲስ ከሞላችሁ ግን አዲስ ቁጥር ይወጣል፤ ሰርቨሩም ሌላ ሐዋላ ይመስለዋል። ሁሉም አፕ ደግሞ እንዲህ አልተሠራም።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአዲስ ውል የሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ደመወዝ በሙሳነድ በኩል፣ በባንክ ወይም በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ተደንግጓል። ስለዚህ እነዚህን ጽሑፎች ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፦

«ተመት አል-ዐመሊያ ቢነጃሕ»፦ ሥራው ተሳክቷል።

«ጃሪ አት-ተንፊዝ»፦ እየተሠራ ነው፤ ጠብቁ።

«ፈሺለት አል-ዐመሊያ»፦ አልተሳካም። ቢሆንም ቀሪ ሒሳባችሁን ሳታዩ አትድገሙ።

«አዒድ አል-ሙሐወላ»፦ እንደገና ሞክሩ። ከመንካታችሁ በፊት «ሲጂል አል-ዐመሊያት» የሚለውን፣ የተከናወኑ ሥራዎችን መዝገብ፣ ክፈቱ።

በመዝገቡ ላይ ሐዋላው ካለ ድጋሚ አትላኩ። ከሌለም ኔትወርክ እስኪስተካከል ቆይታችሁ ቀሪ ሒሳቡን አመሳክሩ። ገንዘቡ ሁለቴ ከወጣ «ረቅም አል-መርጂዕ» የሚለውን የማመሳከሪያ ቁጥር በፎቶ ያዙና ለላካችሁበት ድርጅት አቤት በሉ። በመልእክት የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ኮድ ግን «እናስተካክልልሽ» ብሎ ለሚደውል ለማንም አትስጡ። አቤቱታ የሚጠይቀው የማመሳከሪያውን ቁጥር ነው፤ ኮዱን የሚፈልገው ሌባ ነው።