ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማና የአባታቸው አገር

ከናይሮቢ መኻል ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት ራቅ ብሎ ዌስትላንድስ የተባለው ሰፈር ይገኛል። የገበያ አዳራሾቹና የመሥሪያ ቤቶቹ ፎቆች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ዌስትጌት መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በአልሸባብ ታጣቂዎች ተወርሮ 67 ሰዎች የተገደሉበት ሲሆን፣ ታድሶ እንደገና የተከፈተው ሐምሌ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ከዚያም ሳምንት ሳይሞላ 44ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ናይሮቢ ገቡ። በማግሥቱም በዚያው በዌስትላንድስ ወረዳ፣ ጊጊሪ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ፣ ከኬንያው ፕሬዚዳንት ከኡሁሩ ኬንያታ ጋር የሥራ ፈጣሪዎችን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከፈቱ።

በ2002 ዓ.ም. ስላወጁት የጤና መድን ሕግና በዚያው ዓመት ስለተቀበሉት የኖቤል የሰላም ሽልማት ብዙ ተጽፏልና እኛ አናበዛውም። አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንወደው የአባትየውን ታሪክ ነው።

ስማቸው እንደ ልጃቸው ባራክ ኦባማ ነበር። በናይሮቢ በመሠረተ ትምህርት ማስፋፊያ ሥራ ላይ ሳሉ ያወቋቸው አሜሪካውያን ወይዛዝርት ረድተዋቸው፣ በ1951 ዓ.ም. ክረምት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሃዋይ ተሻገሩ። በዚያም ከአን ደንሃም ጋር ተጋብተው ሐምሌ 28 ቀን 1953 ዓ.ም. ልጃቸው ተወለዱ። ሕፃኑ ገና በእናታቸው እቅፍ ሳሉ አባት ወደ ሃርቫርድ ሄዱ፤ በኋላም ወደ ኬንያ ተመለሱ። ልጅ አባታቸውን በደንብ ያዩት በ10 ዓመታቸው፣ እርሱንም ለአንድ ወር ያህል ብቻ ነው።

አባትየው ብሩህ አእምሮ የነበራቸው፣ ነገር ግን አንደበታቸውን የማይገቱ ሰው ነበሩ። በሐምሌ 1957 ዓ.ም. የመንግሥታቸውን የኢኮኖሚ ዕቅድ በጽሑፍ ነቀፉ። ሰኔ 28 ቀን 1961 ዓ.ም. ሚኒስትሩ ቶም ምቦያ በናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ሲገደሉም ችሎት ቀርበው መሰከሩ። ከዚያ ወዲህ ከሥራቸው ተባረሩ፤ መጠጥም ጎዳቸው፤ በኅዳር 1975 ዓ.ም. በዚያው በናይሮቢ በመኪና አደጋ ሞቱ።

ልጃቸው ይህን አልዘነጉትም። ገና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሳሉ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ለናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባደረጉት ንግግር የአባታቸው ሕይወት የተሰናከለው በጎሣና በውለታ በሚመራ ፖለቲካ እንደ ነበር ገለጹ። ሐምሌ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. በካሳራኒ አዳራሽም ሙስናን ነቀፉ፤ ልጃገረዶችን ከትምህርት የሚያስቀር አገር የቡድኑን ግማሽ ተጫዋች ከሜዳ እንደሚያስወጣ ነው ብለው ሲናገሩ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሴት ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ይህ ቃል ብቻውን የጉዞው ዋጋ ነው እንላለን።

በዚያው ዕለት ማታ አዲስ አበባ ገቡ። በቤተ መንግሥት እራት ላይ የድንቅነሽን አጥንት በእጃቸው ነክተው ማየታቸው ብዙ ተወርቷል። ከዚያ ይልቅ የሚከብደው ከጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ጋር ለጋዜጠኞች የሰጡት መግለጫ ነው። ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከሁለት ወር በፊት የፓርላማውን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ወስደው ሳሉ፣ መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ ብለው ጠሩት። እርግጥ ነው፣ ለጋዜጠኞችና ለተቃዋሚዎች በሩ ይከፈት ዘንድ አሳስበዋል፤ ሆኖም በናይሮቢ የተሰማው ድፍረት አዲስ አበባ ሲደርስ ለስልሶ ነበር። በጸጥታ ጉዳይ የኢትዮጵያን ወዳጅነት መፈለጋቸው እንደ ሆነ እንገምታለን። አራት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

በማግሥቱ ሐምሌ 21 ቀን በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ግን ያ ድፍረት ተመለሰ። ከዚያ በፊት በሥልጣን ላይ ያለ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በዚያ መድረክ ቆሞ አያውቅም። ቡሩንዲን በስም ጠቅሰው፣ ማንም ሰው እስከ ዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ሊሆን አይገባም አሉ። እርሳቸው እንኳ ቢወዳደሩ እንደሚያሸንፉ፣ ሕጉ ግን እንደማይፈቅድላቸው ሲናገሩ አዳራሹ ሣቀ። የሣቁት ሁሉ በአንድ ምክንያት እንዳልሣቁ አንጠራጠርም።

ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን አስረከቡ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እንደገና ወደ ኬንያ የመጡት እንደ ማንኛውም የቤተሰብ ሰው፣ እኅታቸው አውማ በአባታቸው መንደር በኮጌሎ ያሠሩትን የወጣቶች ማዕከል ለመመረቅ ነበር።