የኤለን ቴሪ ጥቁር ቀሚስ

ሰው ሁሉ መሪ ልሁን ካለ ተከታዩ ከየት ይመጣል? ዕድሜውን ሙሉ ተከታይ ብቻ ሆኖ የሚኖርስ የራሱን ችሎታ በምን ይለካዋል? በትምህርት ቤት ሳለን ይህ ነገር ለክርክር ማኅበር የሚሆን አርእስት ይመስለን ነበር። የቢሮ ወንበር ይዘን የአለቃችንን ፊርማ መጠበቅ ስንጀምር ግን ጥያቄው ከነክብደቱ የራሳችን ይሆናል። ይህን ጥያቄ በንግግር ሳይሆን በኑሮዋ የተጋፈጠች አንዲት ሴት ስላለች ዛሬ የእርሷን ታሪክ ለአንባቢዎቼ ላቀርብ ወደድሁ። እርሷም በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ስሟ የገነነው ተዋናይት ኤለን ቴሪ ናት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤለን ቴሪ በ1847 ዓ.ም. ኮቬንትሪ በተባለው ከተማ ተወለደች። አባቷም እናቷም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ የሚጫወቱ ተዋንያን ስለ ነበሩ ልጅቱ ፊደልን የቆጠረችው ከመጋረጃ ኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1856 ዓ.ም. ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለች ሎንዶን ከተማ ቻርልስ ኪን በሚያስተዳድረው ፕሪንሰስ ቴአትር በሼክስፒር «የክረምት ተረት» ውስጥ የንጉሡን ትንሽ ልጅ ሆና ቀረበች። በዚያች ምሽት ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ተገኝተው ነበር። ትንሿ ተዋናይት ግን የምትጐትተው የመጫወቻ ጋሪ አሰናክሏት በጀርባዋ ወደቀች፤ በኋላም እንጀራዬ ዛሬ ተቈረጠ ብላ አለቀሰች።

እንጀራዋ አልተቈረጠም። የኪን ሚስት አናባቢ ድምፆችን አንድ በአንድ እያስጠኑ አነጋገሯን አቀኑላት። በዚያው ዓመት በሌላ ድርሰት ውስጥ ስትጫወት የመድረኩ ወለል መዝጊያ እግሯ ላይ ተከድኖ ጣቷን ሰበረው፤ ወይዘሮዋም ጨዋታውን ብትጨርሺ ደመወዝሽን እጥፍ አደርግልሻለሁ ቢሏት ሕመሟን ውጣ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ተናገረች። ብዙዎች በኋላ የኤለንን ውበትና ለዛ አይተው «የተፈጥሮ ስጦታ ነው» ሲሉ አመስግነዋታል። ስጦታው አልጐደለባትም፤ ነገር ግን ይህን የመሰለ ሥራ በሥሩ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

የትዳር ዕድሏ ግን አልቀናም። በ1864 ዓ.ም. 17 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ 46 ዓመት የሆነውን ታዋቂ ሠዓሊ ጆርጅ ፍሬድሪክ ዋትስን አገባች። ጋብቻው ዓመት እንኳ ሳይሞላ ፈረሰ። ከዚያም ኤድዋርድ ጎድዊን ከተባለ የሕንፃ ነዳፊ ጋር ያለ ሕጋዊ ጋብቻ ገጠር ገብታ ሁለት ልጆች ወለደች። ስድስት ዓመት ያህል ከመድረክ ርቃ ስትኖር ገንዘብ አጠራቸው። አንድ ቀን የምትነዳት ጋሪ እግር ወልቆ በጠባብ መንገድ ላይ ቆማ ሳለች ደራሲው ቻርልስ ሪድ ከአደን ጓደኞቹ ጋር በፈረስ መጣና አወቃት። ወደ ቴአትር እንድትመለስ ቢጠይቃት በሳምንት 40 ፓውንድ ከተከፈለኝ እመለሳለሁ አለችው፤ እርሱም ተስማማ። በ1874 ዓ.ም. ወደ መድረክ ተመለሰች፤ በሚከተለው ዓመት በ«ቬኒሱ ነጋዴ» የፖርሺያን ክፍል ስትጫወት ስሟ በሎንዶን ሁሉ ተሰማ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንምጣ። በ1878 ዓ.ም. ታላቁ ተዋናይ ሄንሪ ኧርቪንግ ላይሲየም የተባለውን ቴአትር ቤት በእጁ አስገብቶ ኤለንን የሥራ ጓደኛው አደረጋት። የመጀመሪያ ሥራቸው «ሐምሌት» ነበር፤ እርሱ ሐምሌትን፣ እርሷ ኦፊሊያን ሊሆኑ ነው። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጕም ይህን ድርሰት ያነበቡ ወጣቶች ኦፊሊያ አባቷ ከተገደለ በኋላ አእምሮዋን ስታ የምትቀርብበትን ክፍል ያስታውሳሉ። ኤለን ለዚህ ክፍል ወደ አእምሮ ሕሙማን መጠለያ ሄዳ በሽተኞችን እስከ ማየት ደርሳ ነበር። ከዚያም የተማረችው፣ ተዋናይ አስቀድሞ በሐሳቡ መፍጠር፣ ቀጥሎ ከሕይወት ጋር ማመሳከር እንደሚገባው ነው። ለዚህም ክፍል ጥቁር ቀሚስ እንዲሰፋላት አዘዘች።

ኧርቪንግ ይህን ሲሰማ ፊት ለፊት አልተቃወማትም። ነገሩን ለአማካሪው ለሽማግሌው ተዋናይ ለዋልተር ሌሲ እንድትነግረው አደረገ። ሽማግሌው ደንግጦ፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ጥቁር ለብሶ የሚታይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ሐምሌት ነው አላት። ኤለን ወዲያው ስሕተቷ ገባትና አፈረች፤ ነጭ ለብሳም ወጣች። ከዓመታት በኋላ ይህን ታሪክ ስትጽፍ አላማረረችም፤ ስለ ልብስ እኔ ከእርሱ የበለጠ ባውቅም፣ ለመድረኩ የሚስማማውን ግን እርሱ ከእኔ ይልቅ ያውቅ ነበር ስትል መስክራለች።

እንዲህ ሆና 24 ዓመት ያህል ከኧርቪንግ ጎን ቆመች። በ1888 ዓ.ም. የማክቤትን ሚስት ስትጫወት በሺሕ በሚቈጠር የጥንዚዛ ክንፍ ያጌጠ አረንጓዴ ቀሚስ ለበሰች፤ ሠዓሊው ጆን ሲንገር ሳርጀንት በዚሁ ቀሚስ የሣላት ሥዕል ዛሬም ሎንዶን ውስጥ ቴት በተባለው ሙዚየም ይታያል። ይህችን ሴት ሌሎች እንደ ጭራቅ ሲጫወቷት ኤለን ባሏን አብዝታ የምትወድ ሚስት አድርጋ አቀረበቻት።

ነገር ግን በሼክስፒር ድርሰቶች ውስጥ ሮዛሊንድ የምትባል ሳቂታና ብልህ ሴት አለች። ለኤለን ጠባይ ከእርሷ የተሻለ የሚስማማ ክፍል አልነበረም። ሆኖም በዚያ ድርሰት ለኧርቪንግ የሚሆን ትልቅ ክፍል ስለሌለ ላይሲየም አንድ ጊዜም አላሳየውም። ኤለን ሮዛሊንድን ሳትጫወት አረጀች፤ ይህም እስከ መጨረሻ ቈጭቷታል። በደብዳቤ ወዳጇ የነበረው በርናርድ ሾው ችሎታዋ በሰው ጥላ ሥር ባከነ ብሎ ኧርቪንግን ሳይታክት ወቀሰው። ክብሩም ቢሆን እኩል አልመጣም፤ ኧርቪንግ በ1895 ዓ.ም. የ«ሰር» ማዕረግ ሲያገኝ፣ ለእርሷ ተመጣጣኙ ማዕረግ የተሰጣት ከ30 ዓመት በኋላ በ1925 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ አለቃዋን ትታ ብቻዋን ብትሠራ ይሻላት ነበር ማለት ነው? ይህም ቀላል አይደለም። በ1903 ዓ.ም. ቴአትር ቤት ተከራይታ፣ ልጇን ጎርደን ክሬግን አዘጋጅ አድርጋ የኢብሰንን ድርሰት ብታሳይ ገንዘቧን ከሰረች። መሪነትም የራሱ ዋጋ አለው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የማገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ጥቁሩን ቀሚስ መተው ለሥራው መታዘዝ ነበር፤ ሮዛሊንድን መተው ግን ለሰውየው መታዘዝ ነበር። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። እኛ ወጣቶችም አለቃችን ሐሳባችንን ሲያስተወን ልንጠይቅ የሚገባን፣ «ክብሬ ተነካ ወይስ አልተነካም?» ብለን ሳይሆን «ሥራው ቀና ወይስ ጐደለ?» ብለን ነው። ሥራው ከቀና ነጩን ቀሚስ በደስታ እንልበስ። ከጐደለ ግን ዝምታ ትሕትና አይደለም።

ኤለን ቴሪ የቀረባትን ነገር በሌላ መንገድ ፈለገችው። ከ1910 ዓ.ም. ጀምራ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአውስትራልያ እየዞረች ስለ ሼክስፒር ሴቶች ንግግር ታደርግ ነበር። ዐይኗ ደክሞ፣ ማስታወሻዋም እየከዳት፣ አጠገቧ ማንም ሳይኖር መድረክ ላይ ቆማ ስለ ድል አድራጊዎቹ ሴቶች ስትናገር ከእነርሱ አንዷ ሮዛሊንድ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. በ81 ዓመቷ በኬንት አውራጃ ስሞልሃይዝ በተባለው ቤቷ ዐረፈች። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የጥንዚዛው ቀሚስም እዚያው በክብር ተቀምጧል።