ያበጠው ጣሳ

የአሮጌ ኮምፒውተር ማብሪያ ሲጫኑት ማራገቢያው ሽር ብሎ ቀጥ ካለ ወይም ጭራሽ ካልተነሣ፣ ጥገና ቤት ቀድሞ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ በዓይን ይለያል፦ አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያዠ ትንሽ የአሉሚኒየም ጣሳ። ካፓሲተር ይባላል።

ሥራው የግቢ ሮቶን ይመስላል። ቧንቧው መጣ ሄደ ቢልም ሮቶው ሞልቶ ስለሚጠብቅ ወጥ ቤት ያለው ሰው ልብ አይለውም። የመስመር ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው፤ በ50 ኸርዝ መስመር በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል። ካፓሲተሩ ሲተርፍ ያጠራቅማል፣ ሲጎድል ይለቃል።

ጣሳው ውስጥ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ፎይሎች፣ በመካከላቸውም ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት ተጠቅልለዋል። እርጅናው ከዚሁ ፈሳሽ ይጀምራል፤ ሙቀት ያደርቀዋል። በተለመደው ስሌት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ማራገቢያን ያፈነ አቧራ ካፓሲተርን ይገድላል የሚባለው ለዚህ ነው። ውስጡ ጋዝ ሲፈጠር አናቱ ላይ በተጫረው መስመር ይተነፍሳል፤ ጭረቱ የተበጀው ጣሳው እንዳይፈነዳ ነው። ሳያብጥ የሚደርቅም አለ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንኳ የማያርፈውን የ5 ቮልት መስመር የሚያገለግለው ትንሹ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያልቃል።

መቀየሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ አደጋው ግን ቀላል አይደለም። 220 ቮልት ወደ ዲሲ ሲለወጥ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ጋ 310 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ሊቆይ ይችላል። ባለሙያ በሬዚስተር ያራግፈዋል፣ በቴስተር ያረጋግጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሊዱን የሚያቀልጠው። ተተኪው በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም የሚበልጥ፣ 105 ዲግሪ የሚችልና ለፓወር ሰፕላይ የተሠራ ይሁን። ጎኑ ላይ ያለው ሰረዝ የኔጌቲቭ እግሩ ምልክት ነው፤ ተገልብጦ ከተበየደ አዲሱም ይፈነዳል።

ከብየዳው በኋላ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልቱ ሳይለካ ማዘርቦርድ አይነካም። ልምድ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ያበጠውን ብቻ ቀይሮ ክዳኑን አይገጥምም። ጎረቤቶቹም አብረውት የተበየዱ፣ ያንኑ ሙቀት የጠገቡ እኩዮቹ ናቸው፤ ዛሬ ቢታለፉ ነገ ያንኑ ክዳን ያስከፍቱታል።