ከአንድ ቃል ብዙ ቃላት፦ የተሰጡ ፊደላትን የያዙ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት ይገኛሉ?

በሳላማጎ ወረዳ ሃና ከተማ የሚማር አንድ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ቋንቋዎች ያጋጥሙታል። በቤቱ ቦዲኛ፣ ሙርሲኛ፣ ዲመኛ ወይም ሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይናገራል፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ የ2ኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ግን እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። ቃላትን በሽምደዳ ብቻ የያዘ ተማሪ እዚህ ደረጃ ሲደርስ የሂሳቡም የባዮሎጂውም መጽሐፍ ይከብደዋል። ከሚያውቃቸው ፊደላት ቃል ፈልጎ ማግኘት የለመደ ተማሪ ግን አዲስ ቃል ሲገጥመው ከፋፍሎ ያነበዋል።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ "ከእነዚህ ፊደላት ብቻ የትኞቹ ቃላት ይሠራሉ?" የሚል ነው። "ፕላንት" (ተክል) የሚለው ቃል ፒ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤን እና ቲ የተሰኙ አምስት ፊደላት አሉት። ከእነዚህ ውስጥ "ፕላን" (እቅድ)፣ "አንት" (ጉንዳን)፣ "ፓን" (መጥበሻ)፣ "ታፕ" (የቧንቧ መክፈቻ)፣ "ላፕ" (ጭን) እና "ናፕ" (ሸለብታ) ይወጣሉ። አንድ ፊደል ከተሰጠው ቁጥር በላይ አይደገምም። "ቶል" (ረጅም) ሁለት ኤል ስለሚፈልግ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ "እነዚህን ፊደላት በሙሉ የያዙ፣ ሌላም ሊጨምሩ የሚችሉ ቃላት የትኞቹ ናቸው?" ይላል። ኢ፣ ኤ እና ቲ ቢሰጡ "ኢት" (መብላት) እና "ቲ" (ሻይ) በሦስቱ ብቻ ይጻፋሉ። ኤች ሲጨመር "ሂት" (ሙቀት)፣ ደብልዩ ሲታከልበት "ዊት" (ስንዴ) ይሆናል። "ሚት" (ሥጋ)፣ "ዋተር" (ውሃ) እና "ቲቸር" (መምህር) የሚሉትም ሦስቱን ፊደላት ይይዛሉ።

በዘፈቀደ ማገላበጥ ለምን ያደክማል?

የማይመሳሰሉ ሦስት ፊደላት በ6፣ አራት ፊደላት በ24፣ አምስት ፊደላት በ120 መንገድ ይደረደራሉ። ሁሉንም መሞከር ጊዜ ያባክናል። የተሻለው መንገድ ከአናባቢ መጀመር ነው። ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩ፣ አልፎ አልፎም ዋይ፣ የእንግሊዝኛ ቃል ምሰሶዎች ናቸው። አናባቢውን መካከል አስቀምጦ ተነባቢዎቹን በፊትና በኋላ መቀያየር ብዙ ቃል ያስገኛል።

ቀጥሎ አብረው የሚሄዱ ፊደላትን መለየት ይገባል። ፒ እና ኤል ተከታትለው ቃል ይጀምራሉ፤ ተገልብጠው ግን አይጀምሩም። ኤን እና ቲ ቃል ይጨርሳሉ። ኪው ካለ በአብዛኛው ዩ ይከተለዋል። በመጨረሻም ቅጥያን መፈተሽ ይጠቅማል። "ፋርም" (እርሻ) ላይ ኢ እና አር ሲጨመሩ "ፋርመር" (አርሶ አደር) ይሆናል።

ተመሳሳይ ፊደላት ያሏቸውን ቃላት ለማግኘት ደግሞ የእያንዳንዱን ቃል ፊደላት በፊደል ተራ መደርደር በቂ ነው። "ኧርዝ" (መሬት) እና "ሀርት" (ልብ) ሲደረደሩ ሁለቱም ኤ፣ ኢ፣ ኤች፣ አር፣ ቲ ይሆናሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ይህን ዘዴ ይጠቀማሉ።

የአማርኛ ልማድና የእንግሊዝኛ ባሕርይ

አማርኛ የሚያውቅ ተማሪ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ሰ፣ በ እና ረ የተሰኙትን ተነባቢዎች ይዞ "ሰበረ"፣ "ሰባሪ"፣ "ስብራት"፣ "ተሰበረ" ይላል። ቃላቱ ሁሉ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ተነባቢው ጸንቶ አናባቢው ሲለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ዝምድናው ይቋረጣል። "ፓን" መጥበሻ፣ "ፔን" እስክሪብቶ፣ "ፒን" መርፌ ቁልፍ ነው። ስለዚህ የተገኘውን ቃል ትርጉም በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ ግድ ይላል።

በዚህ ረገድ አካባቢው የራሱ ሀብት አለው። ዴቪድ ተርተን፣ ሞገስ ይገዙ እና ኦሊሳራሊ ኦሊቡዪ ያዘጋጁት የሙርሲኛ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ሙርሲኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ በመሆኑ ተማሪው የእንግሊዝኛውን ፊደል በገዛ ቋንቋው ውስጥ ያገኘዋል።

ከካርቶን የሚጀምር ትምህርት

አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ ሥራ አጥተው ሳለ ጋዜጣ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጥረው "ስክራብል" የተባለውን የቃላት ጨዋታ ፈጠሩ። ከ100ዎቹ የእንግሊዝኛው ጠጠሮች 12ቱ ኢ ሲሆኑ፣ ብርቅ የሆነው ኪው 1 ብቻ ነው፤ ነጥቡም 10 ነው።

ኤሌክትሪክም ኢንተርኔትም በሌለበት ክፍል ይህን ትምህርት ለማስጀመር ካርቶንና እስክሪብቶ ይበቃል። ቁርጥራጮቹ ላይ ፊደላት ይጻፋሉ፤ እንደ ኢ እና ኤ ያሉት ደጋግመው፣ እንደ ኪው ያሉት አንድ ጊዜ ብቻ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከአንድ ረጅም ቃል የሚወጡትን ቃላት ይፈልጋሉ፤ ያገኙትን ከነትርጉሙ በአማርኛና በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይጽፋሉ። በየሳምንቱ የሚጠራቀመው ዝርዝር ውሎ አድሮ የክፍሉ የራሱ መዝገበ ቃላት ይሆናል።