ስለ ቦርከና ውሃና ስለ ፋብሪካዎች ፍሳሽ

(በራዲዮ የተነገረ)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ከምሴን አልፎ ሽቅብ ወደ ኮምቦልቻ ሲያቀና፥ ቦርከና የሚባለው ወንዝ ደግሞ ቁልቁል እርሱ ወደ መጣበት ይወርዳል። ወንዙ ከደሴ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፥ ደሴን አቋርጦ፥ በኮምቦልቻ አጠገብ አልፎ፥ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለውን የጨፋን ሜዳና ረግረግ ካጠጣ በኋላ ውሃው ወደ አዋሽ ይገባል። ደሴና ኮምቦልቻ በደቡብ ወሎ ሲሆኑ ከምሴ የሌላ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ አዋሽ የሚያልፍበት አፋር ደግሞ ራሱን የቻለ ክልል ነው። ውሃው ይህን ሁሉ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። በላይኛው ሰው እጅ የተጣለበት ነገር ለታችኛው ሰው ይደርሰዋል።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ፥ የቆዳ፥ የቢራ፥ የሥጋና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በየጊዜው ተቋቁመውባታል፤ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከተማዪቱ በተያዘች ጊዜ ከነዚህ ብዙዎቹ ተዘርፈው ሥራ ስላቆሙ፥ ደመወዙ የተቋረጠበት ቤተ ሰብ ምን ያህል እንደ ተቸገረ የአገሩ ሰው አይዘነጋውም። ስለዚህ ፋብሪካ ይነቀል የሚል ቃል ከዚህ ንግግር አይወጣም። በወንዙ ታች የሚኖረውን ሰው የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሥራውና ግብሩ በላይ ቀርቶ ፍሳሹ ብቻ ወደ ታች እንዳይወርድ ነው።

በጨፋ ሜዳ ገበሬው በቦርከና ውሃ አትክልት ያለማል፤ ከብቱን ያጠጣል። በበጋ ጊዜ የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን እየነዱ ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደዚሁ ረግረግ ይመጣሉ። ጨፋ ለኦሮሞው፥ ለአማራው፥ ለአርጎባውና ለአፋሩ የክፉ ቀን ጓዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዳንድ ጊዜ በግጦሹ ይጣላሉ፤ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸዋል። ይሁን እንጂ ከተመረዘ ውሃ ጋር የሚያስታርቅ ሽማግሌ እስካሁን አልተገኘም።

የፋብሪካ ፍሳሽ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከቢራና ከሥጋ ፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው። ይህ ወደ ወንዝ ሲገባ ዐይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ሊበሉት ይረባረባሉ፤ ሲበሉትም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ስለሚጨርሱት ዓሣው ይታፈናል፥ ውሃውም ይጠቁራል፥ ይከረፋል። ክፉ ቢሆንም፥ ጊዜና አየር ያገኘ እንደ ሆነ እየጠራ ይሄዳል። የከተማ እዳሪም እንዲሁ ነው፤ በዚህ ረገድ ደሴም የድርሻዋን ወደ ወንዙ ስለምትጨምር ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካ ላይ መጫን አይገባም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለምና ኮስቲክ ሶዳ ይለቃል። ቀለሙ የፀሐይ ብርሃን ወደ ውሃው ጠልቆ እንዳይገባ ይጋርዳል፤ ሶዳው ደግሞ ሲበዛ በውሃው ውስጥ የሚኖረውን ነፍሳት ሁሉ ይጎዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ግን ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮም ነው። አባቶቻችን ቆዳ የሚያለፉት በዕፅዋት ነበር፤ የዛሬው ፋብሪካ ሥራውን ለማፋጠን የክሮም ጨው ይጠቀማል። ቆዳው ጨዉን በሙሉ ስለማይጠጣው የተረፈው ከእጥበቱ ጋር ይወጣል። ክሮም ማዕድን ነውና አይበሰብስም፤ አይተንምም። በኮምቦልቻ በኩል ወደ ቦርከና ከሚገቡት ከለዮሌና ከወርቃ ወንዞች ናሙና ወስደው የመረመሩ ሊቃውንት፥ ከባድ ማዕድናትን፥ በተለይም ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የመጣውን ክሮም፥ በውሃውና በደለሉ ውስጥ አግኝተዋል። ይህ ማለት ውሃው ጠርቶ ቢታይም ጭቃው ዕዳውን ይዞ ይቆያል ማለት ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ክሮም ያለበት ፍሳሽ ከሌላው ተለይቶ በገንዳ ይጠራቀማል፤ ኖራ ወይም ሌላ አልካሊ ሲጨመርበት ክሮሙ እየረጋ ወደ ታች ይዘቅጣል። ውሃው አየር እየተነፋበት ይጣራል፤ ዝቃጩ በተለየ ስፍራ ይቀበራል። ዝቃጩ በሜዳ ላይ ከተጣለ ግን የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ መልሶ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ማጣሪያ መሥራትና ማጣሪያን ማሠራት ሁለት ነገር መሆኑንም አንርሳ። ለኖራው፥ ለመብራቱና ለባለሙያው በየቀኑ ገንዘብ የማይወጣለት ገንዳ ለተመራቂ እንግዳ ከማሳየት በቀር ለምንም አይረባም።

ወቅቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በነሐሴ ቦርከና ሞልቶ በሚጋልብበት ጊዜ ፍሳሹ በብዙ ውሃ ይበረዛል። በግንቦት ወንዙ ሲቀጥን ግን ፋብሪካው የሚለቀው ልኩ አይቀንስም፤ ስለዚህ መርዙ ይበረታል። የአርብቶ አደሩ ከብት ወደ ጨፋ የሚሰበሰበው ደግሞ በዚሁ በደረቁ ወራት ነው። ረግረጉና ቄጠማው ደለሉን አስቀርተው ውሃውን በጥቂቱ ያጠሩታል፤ ነገር ግን ያስቀሩት ክሮም እዚያው ከብቱ በሚግጥበት አፈር ውስጥ ይከማቻል።

ይህ ሥጋት ከሌላው ዓለም ታሪክ ጋር ሲታይ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በጃፓን አገር ሚናማታ በሚባል የባሕር ዳርቻ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ በለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣ በልተው የተመረዙ ሰዎች ሕመም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1956 በይፋ ታወቀ፤ መንግሥቱ የበሽታው ምክንያት ፋብሪካው መሆኑን ያመነው ግን በ1968 ነበር። በመካከሉ 12 ዓመት አለፈ። እኛም በቆቃ ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ወገኖቻችን ከሞጆ በኩል ስለሚመጣው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ያሰሙትን አቤቱታ ሰምተናል።

አሁን ነገሩ ወደ ቢሮ ይገባል፤ ማለትም ወደ እናንተ ይመጣል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ለሕዝብ እንዲገለጽና በተለይ ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረ ሰብ አስተያየት እንዲሰጥበት አዘዘ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ፥ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቀደ። እንደ እኔ አስተያየት ጉድለቱ ከሕጉ አጻጻፍ ይልቅ ከአሠራሩ ላይ ይገኛል። ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረ ሰብ ሲባል ከፋብሪካው አጥር ሥር ያለውን ቀበሌ ብቻ ጠርቶ አሰብስቦ፥ ቃለ ጉባኤ አስፈርሞ፥ መዝገቡን መዝጋት ቀላል ነው። ደዋ ጨፋ ግን በወንዙ መንገድ ጎረቤት ነው፤ ስብሰባው ኮምቦልቻ ሲደረግ የከምሴ ሰው ወንበር አለውን?

ወጪው ብዙ ያልሆነ አንድ ሥራ እንጥቀስ። ከኮምቦልቻ በላይ፥ ከኮምቦልቻ በታችና በከምሴ አጠገብ በሦስት ስፍራ ውሃውና ደለሉ በነሐሴና በግንቦት ቢመረመር፥ ቆሻሻው ከደሴ ይምጣ ወይስ ከፋብሪካ፥ በጨፋስ ምን ያህሉ ይቅር፥ በክርክር ሳይሆን በቁጥር ይታወቃል። ውጤቱም ለሁለቱ ዞኖች መሥሪያ ቤቶች ከተላከ በኋላ፥ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ውሃውን የሚጠጣው ሰው ያነበዋል።