ጆን ሜጀርና የላምቤዝ የቤት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በሜይ 1968 በደቡብ ለንደን የላምቤዝ ክፍለ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ። ፈርንዴል በምትባለው የምርጫ ቀጠና ወግ አጥባቂው ፓርቲ ካቀረባቸው ዕጩዎች አንዱ ጆን ሜጀር የሚባሉ የ25 ዓመት የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። ቀጠናዋ በሌላ ጊዜ ሌበር ፓርቲን የምትመርጥ ናት። በዚያ ዓመት ግን የሃሮልድ ዊልሰን የሌበር መንግሥት የፓውንድን ዋጋ ቀንሶ ሕዝቡ ተቆጥቶበት ስለነበር፣ ወግ አጥባቂዎቹ ከ60 መቀመጫዎች 57ቱን ጠራርገው ወሰዱ። ወጣቱም አብረው ገቡ። ከ22 ዓመት በኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ስለ ሜጀር ሲነሳ አብዛኛው ወሬ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ዓመታቸው ላይ ያተኩራል። ፖለቲካ የተማሩት ግን ከዚያ በፊት፣ ቤት አጥተው በተሰለፉ ሰዎች ፊት ቆመው ነው።

የቤት ችግርን ከወረቀት አልነበረም የሚያውቁት። አባታቸው በሰርከስና በቲያትር መድረክ የኖሩ፣ በኋላም ለአትክልት ቦታ ማስጌጫ የሚሆኑ ቅርጻ ቅርጾችን እያመረቱ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ንግዱ ከሰረና ቤተሰቡ በ1955 ላምቤዝ ውስጥ ወዳለችው ብሪክስተን መጥቶ ሁለት ክፍል ተከራየ። ማብሰያውና መጸዳጃው ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ነበር። ጆን በ16 ዓመታቸው ትምህርት አቋረጡ። በጸሐፊነት ሠሩ፣ ከወንድማቸው ጋር ቅርጻ ቅርጽ አመረቱ፣ ሥራ ፈተውም ተቀመጡ። በመጨረሻ ባንክ ተቀጠሩ፤ ባንኩም ናይጄሪያ ላካቸው። በ1967 ጆስ ከተማ ውስጥ በደረሰባቸው የመኪና አደጋ እግራቸው ክፉኛ ተሰብሮ ወደ ለንደን ተመለሱ። በዓመቱ ለምርጫ ሲቀርቡ ከጉዳቱ ካገገሙ ብዙም አልቆዩም።

የምክር ቤት አባልነት ያኔ የሙሉ ጊዜ ሥራ አልነበረም፤ ደመወዝም አልነበረውም። ሜጀር ቀን ባንክ ይውላሉ፣ ማታ ስብሰባ ይገባሉ። የተመደቡት በቤቶች ኮሚቴ ነው። ላምቤዝ ውስጥ ከዚህ የከበደ ቦታ አልነበረም፦ ያረጁ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች፣ በአንድ ክፍል የተጨናነቁ ቤተሰቦች፣ የምክር ቤቱን ቤት ለማግኘት ስማቸውን አስመዝግበው የሚጠብቁ ሰዎች። አዲስ አበባ ውስጥ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ጉዳዩን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1970 ሜጀር፣ ገና በ27 ዓመታቸው፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኑ። አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ግንባታ በእሳቸው ክትትል ተካሄደ፤ ልምድ ለመቅሰም እስከ ፊንላንድና ሶቪየት ኅብረት ድረስ ተጓዙ። ከሁሉ በላይ ሊነገርላቸው የሚገባው ግን ሌላ ሥራ ነው። በየሰፈሩ ሕዝባዊ ስብሰባ መጥራት ጀመሩ፤ ነዋሪው የምክር ቤቱን ሰዎች ፊት ለፊት አግኝቶ እንዲጠይቅ አደረጉ። በር ዘግቶ መወሰን ለለመደ አስተዳደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤቱ ለምን ዘገየ፣ ጣሪያው ለምን ያፈሳል ብሎ የሚጮህ ሰው ፊት ቆሞ መልስ መስጠት ድፍረትም ትዕግሥትም ይጠይቃል።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ሜጀር የተመረጡት የፓርቲያቸው ታዋቂ ሰው ኢኖክ ፓወል በበርሚንግሃም በስደተኞች ላይ ያነጣጠረውን ንግግር ካደረጉ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ብሪክስተን ደግሞ ከካሪቢያን የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ሰፈር ናት። ቤት ባጠረበት ሰፈር ስደተኛውን ተጠያቂ ማድረግ ድምፅ ያስገኝ ነበር። ሜጀር ያንን መንገድ አልመረጡም። ይህ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ በአጭሩ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው፤ ብሪክስተን በተከራዩባት ቤት ጎረቤቶቻቸው እነዚያው ስደተኞች ነበሩና።

በ1971 ነፋሱ ዞረ። የላምቤዝ የቤቶች ሥራ በአገር ደረጃ ስም ቢያገኝም ሕዝቡ ወደ ሌበር ተመለሰ፣ ሜጀርም ወንበራቸውን አጡ። በዚያው ምርጫ በሌበር በኩል ኬን ሊቪንግስተን የሚባል ወጣት ወደ ምክር ቤቱ ገባ፤ እሱም በቤቶች ጉዳይ ላይ ሠራ፣ በኋላ የፓርላማ አባል፣ በ2000 ደግሞ የለንደን ከንቲባ ሆነ። አንድ የክፍለ ከተማ ምክር ቤት ከሁለት ተቃራኒ ጎራ ሁለት ትልልቅ ፖለቲከኞችን አፍርቷል።

ከዚያ እስከ ፓርላማ ድረስ ስምንት ዓመት ፈጀ። በብሪታንያ አንድ ሰው ለፓርላማ የሚወዳደረው በአካባቢው ያለው የፓርቲ ቅርንጫፍ አወዳድሮ ሲመርጠው ነው፤ ጀማሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው የማይሸነፍ ባላጋራ ያለበትን ቦታ ነው። ሜጀር በ1974 በሴንት ፓንክራስ ኖርዝ ሁለቴ ተወዳደሩ፣ ሁለቴም ተሸነፉ። በ1976 መጨረሻ ግን የሃንቲንግደንሻየር ወግ አጥባቂዎች ዕጩ አድርገው መረጧቸው። አካባቢው ገጠር ቢሆንም ከለንደን የወጡ ብዙ ቤተሰቦች ሰፍረውበት ስለነበር፣ የላምቤዙ ሰው ቋንቋቸውን ያውቃል ተባለ። በ1979 ከ21 ሺህ በላይ በሆነ የድምፅ ብልጫ ፓርላማ ገቡ።

ፓርላማ ውስጥ እድገታቸው ፈጣን ነበር። በ1985 የመንግሥት ተጠሪዎች ቡድን አባል ሳሉ፣ በአንድ የእራት ግብዣ ላይ የፓርቲው የፓርላማ አባላት በመንግሥት ፖሊሲ ቅር እንደተሰኙ ለጠቅላይ ሚኒስትሯ ለማርጋሬት ታቸር ፊት ለፊት ነገሯቸው። ታቸር ተቆጡ፤ ሜጀርም አላፈገፈጉም። ብዙ ሳይቆይ ሹመት መጣላቸው። የማኅበራዊ ዋስትና ሚኒስትር ሆነው ሳለ የ1987 ጃንዋሪ ብርድ አገሩን ሲያስጨንቅ፣ ለአረጋውያን የሚሰጠው የማሞቂያ ድጎማ ከፍ እንዲል ተሟግተው አሳኩ። በ1989 በጥቂት ወራት ውስጥ የውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በኖቬምበር 1990 ታቸር ሲወርዱ በፓርቲው ምርጫ 185 ድምፅ አግኝተው፣ ማይክል ሄዝልታይንንና ዳግላስ ኸርድን ቀድመው መሪ ሆኑ።

ሥልጣን ላይ ብዙ ተፈትነዋል፤ በሴፕቴምበር 1992 ፓውንድ ከአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ተገዶ ሲወጣ የደረሰባቸው ውርደት እስከ 1997ቱ ሽንፈት ተከትሏቸዋል። ሆኖም የላምቤዝ ዓመታት በሥራቸው ላይ ይታያሉ። በ1991 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለባለጉዳይ የሚሰጡትን አገልግሎት ደረጃ በግልጽ እንዲያስታውቁ የሚያዝ የዜጎች ቻርተር አወጡ። ባለሥልጣንን በነዋሪ ፊት ያስቀመጠ የቤቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ይህን ማድረጉ አያስገርምም።

ሌላው የአካባቢ ግብር ነው። ታቸር ለክፍለ ከተሞች ገቢ ብለው ሀብታሙም ድሃውም እኩል የሚከፍለው ግብር አምጥተው ነበር፤ በ1990 ለንደንን ያናወጠ ዓመፅ አስነሣ። ሜጀር ራሳቸው ያንን ግብር ባወጣው ካቢኔ ውስጥ ነበሩ፤ ይህ መረሳት የለበትም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ግን አሰረዙት፣ በ1993 በቤቱ ዋጋ ላይ በተመሠረተው ካውንስል ታክስ ተተካ። ዛሬ ለንደን የሚኖረው ኢትዮጵያዊም የሚከፍለው ይህንኑ ነው። በእንግሊዝ ቤቶቹ የሚመደቡት አሁንም በ1991 ግምታቸው ነው፤ ያ ግምት ይታደስ አይታደስ የሚለው ክርክርም እልባት አላገኘም።