እርጅና በገጠርና በከተማ

ዕድሜ ያገኘ ሰው ሁሉ ያረጃል። እርጅና በሽታ አይደለም። ነገር ግን የገጠር ሽማግሌና የከተማ ሽማግሌ አንድ ዓይነት እርጅና አያረጁም። ይህ ለምን ይሆናል?

መጀመሪያ የገጠሩን እንይ። ሽማግሌው 70 ዓመት ሞልቶትም ከብት ይጠብቃል፤ አጥር ያጥራል፤ ገበያም ለቅሶም በእግሩ ይሄዳል። አሮጊቷም እንዝርቷን አትጥልም፤ ጓሮዋን ትኮተኩታለች። ሰውነት ሲንቀሳቀስ ልብና ጡንቻ ይጠነክራሉ። ምግባቸውም ሽሮ፣ ጎመን፣ ቆሎ ነው። ደግሞም ለዕርቅ ይጠራሉ፤ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ሰው የሚፈልገው ሽማግሌ ቶሎ አይደክምም።

የከተማው ሰው ግን በመኪና ይሄዳል፤ ተቀምጦ ይሠራል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ብዙው ቤት ይውላል። ዘይት፣ ስኳርና ጨው ያበዛል። ስለዚህ ደም ብዛትና የስኳር በሽታ በከተማ ይበዛሉ።

ታዲያ ገጠር ይሻላል ማለት ነው? እንደሱ ማለት አይደለም። የከተማው ሰው ሐኪም ቤት ይቀርበዋል። ዓይኑ ቢደክም መነጽር ያደርጋል። የገጠሩ ግን ሩቅ ስለሆነበት «እርጅና ነው» ብሎ ይቀመጣል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። እርጅና የምንለው ሁሉ እርጅና አይደለም እኮ!

ዓይንን እንውሰድ። የዓይን ሞራ ብሌኑን እንደ ጉም ይሸፍነዋል። በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ሰውየው ብዙ ጊዜ መልሶ ያያል። ትራኮማ ግን ሌላ ነው። ይህ በሽታ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ሲደጋገም ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞርና ብሌኑን ይፍቃል። ልጅ ስለሚያቅፉ እናቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ፀጉሩን በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ግን ተመልሶ ይበቅላል። የዞረው ቆብ በጊዜ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። በትራኮማ የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም። ስለዚህ መዘግየት አያስፈልግም።

የማገዶ ጭስም አለ። መስኮት በሌለው ቤት ብዙ ዘመን ጭስ የሳበ ሳንባ በስተርጅና ያስላል፤ ትንፋሽም ያሳጥራል። ከባድ ሸክምም ወገብና ጉልበት ይጎዳል።

ደም ብዛትም ገጠር አይገባም አይባልም። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ሳይታወቅ ቆይቶ ግማሽ አካልን ሽባ ያደርጋል። የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። ልኩ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለቤታችን መስኮትና የጭስ መውጫ እናውጣ። ፊታችንን በየቀኑ እንታጠብ። ጨው እንቀንስ፤ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይበቃል። ሽማግሌዎቻችንን ከሥራ ሁሉ አናስቀራቸው፤ ከባዱን ሸክም ግን እንቀበላቸው። ዓይናቸው ሲፈዝ ወይም ትንፋሻቸው ሲያጥር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንንገር፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንውሰዳቸው።

የከተማው ሰው ከገጠሩ እግርን ይማር፤ የገጠሩም ከከተማው በጊዜ መታከምን ይማር። ያን ጊዜ ሁለቱም በጤና ያረጃሉ።